ለከረመ የወገብ ሕመም፦ ሐኪሙንም ወጌሻውንም በአንድ ሚዛን

ወገቡን የታመመ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ «መርፌ ተወጋና ተገላገል» ይለዋል፤ ሌላው እጁ የተባረከ ወጌሻ ይጠቁመዋል። ጎረቤት ወይባ እንዲሞቅ፣ አክስት ጸበል እንዲጠመቅ፣ የሥራ ባልደረባ ኤምአርአይ እንዲነሣ ይመክሩታል። ሁሉም በነገሩት መንገድ የዳነ ሰው ያውቃሉ። ታማሚው አንዱን ጀምሮ ሳይጨርስ ወደሌላው ሲሮጥ ገንዘቡ ያልቃል፤ ወገቡ ግን እዚያው ነው።

ብቻዎን አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ያህል ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። ይህ መመሪያ ሕመማቸው ከ3 ወር በላይ ለቆየባቸው ነው፤ ሐኪሞች «ሥር የሰደደ» የሚሉት ከዚያ ወዲያ ያለውን ነውና።

«ዘመናዊው ይሻላል ወይስ ባህላዊው?» የሚለውን ክርክር ለጊዜው ይተዉት። ከየትም ይምጣ፣ የሚቀርብልዎን ሕክምና ሁሉ በእነዚህ አራት ጥያቄዎች ይመዝኑት። ከሕመሙ ጀርባ አደገኛ በሽታ እንደሌለ ታውቋል? ሕክምናው ያቃተኝን ሥራ እንድሠራ አስቻለኝ? በሰውነቴና በኪሴ ላይ ምን አስከፈለኝ? ካልረዳኝ የማቆመው መቼ ነው?

ደረጃ 1፦ በቅድሚያ አደገኛውን ይለዩ

አብዛኛው የወገብ ሕመም አደገኛ በሽታ የለበትም። ጥቂቱ ግን አለበት፤ እሱን ደግሞ በማሸት ማወቅ አይቻልም።

ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦
• ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ፣ ወይም ሽንት አልወርድ ካለዎ፤
• በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከደነዘዘ፤
• አንድ ወይም ሁለቱም እግርዎ እየዛለ፣ ጫማ ከእግርዎ ሳያውቁት እየወለቀ ከሆነ።
እነዚህ ምልክቶች ወደ ታች የሚወርዱት ነርቮች ተጨፍልቀው ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ። እዚህ ላይ የሰዓታት መዘግየት ዘላቂ ጉዳት ያመጣል።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ይዩ፦
• ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ፤
• ሕመሙ ተኝተው እንኳ ፋታ ካልሰጠዎ፤
• ከዚህ በፊት ካንሰር ታክመው ከነበረ፤
• ሕመሙ የጀመረው ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ ከሆነ፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ከሆኑ፤
• ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ለረጅም ጊዜ ወስደው ከነበረ።

በአገራችን ሁለት በሽታዎች እዚህ ላይ ልዩ ትኩረት ይፈልጋሉ። አንደኛው የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ ሳል ሳይኖር ሊመጣ ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ለወራት በሚወሰድ ክኒን ይድናል፤ ከዘገየ ግን አጥንቱን አፍርሶ ጀርባን ያጎብጣል፣ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ሁለተኛው ከጥሬ ወተትና ከከብት ንክኪ የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ነው። ከብት የሚያረቡ ወይም ያልፈላ ወተት የሚጠጡ ከሆነ ሐኪሙ ባይጠይቅዎም ይንገሩት።

ጠዋት ሲነሡ ወገብዎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ግትር ብሎ የሚቆይ፣ ሲንቀሳቀሱ የሚፍታታና ሲያርፉ የሚብስ ከሆነ፣ በተለይም ሕመሙ በወጣትነት የጀመረ ከሆነ፣ ይህንንም ሳይረሱ ይናገሩ። የራሱ ሕክምና ያለው የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ የሕመምዎን ጠባይ ይወቁ

ሲጎነበሱ፣ ሲያነሡ ወይም ብዙ ሲቀመጡ የሚብስና ከወገብ እምብዛም የማይወርድ ሕመም ብዙውን ጊዜ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ነው። ከጉልበት በታች ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ የሚወርድ፣ የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር ከሆነ ነርቭ ተነክቷል። የስኳር ሕመም ካለብዎና ሁለቱም እግርዎ ከጣቶች ጀምሮ የሚቃጠል ከሆነ ግን መነሻው ወገብዎ ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት በብዛት ሳይታወቅ የሚያልፈው ነው። ጉዳቱ ከዳነ በኋላም የነርቭ ሥርዓቱ ንቁ እንደሆነ ይቀራል፤ ሌባ ገብቶበት የነበረ ግቢ ዘበኛ ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ፊሽካ እንደሚነፋ ማለት ነው። ሕመሙ ቦታ ይቀያይራል፣ እንቅልፍ ያጣ ሌሊትና ጭንቀት ያባብሱታል፣ ምርመራው ግን «ምንም የለም» ይላል። ሕመሙ የውሸት አይደለም። የሚታከመው የነርቭ ሥርዓቱን በማረጋጋት ስለሆነ መርፌ በመደራረብ አይሄድም።

ኤምአርአይ ለመነሣት አይቸኩሉ። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች ምስል ያጠቃለለ ጥናት፣ ከ20 ዓመት ወጣቶቹ 30 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶቹ ደግሞ 84 በመቶው የዲስክ ማበጥ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ዲስክ» የሚል ቃል መገኘቱ ብቻ የሕመምዎ ምክንያት ተገኘ ማለት አይደለም። ምስሉ የሚጠቅመው በደረጃ 1 ያሉት ምልክቶች ሲኖሩ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ነው።

ደረጃ 3፦ መነሻዎን ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ይያዙና ለአንድ ሳምንት በየማታው ሦስት ነገር ይጻፉ፦ የዕለቱን ሕመም ከ0 እስከ 10፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ የወሰዱትን መድኃኒት ከነመጠኑ።

ከዚያ ሕመሙ የከለከለዎትን ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ይምረጡ። በልኩ የሚቆጠር ይሁን፦ «ሳላቋርጥ 20 እንጀራ መጋገር»፣ «ከቤት እስከ ታክሲ ተራ ሳልቆም መሄድ»፣ «ቅዳሴ ሳላቋርጥ መቆም»። የሚመዝኑት በዚህ ነው። የሕመሙ ቁጥር ከ7 ወደ 5 ብቻ ወርዶ እንጀራዎን መጋገር ከቻሉ ሕክምናው ሠርቷል። ቁጥሩ ለሁለት ሰዓት 0 ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከአልጋ ካልወረዱ ግን አልሠራም።

ደረጃ 4፦ መሠረቱን ይጣሉ

የዓለም የጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከሚመክራቸው ነገሮች መካከል እንቅስቃሴ፣ ስለ ሕመሙ መማር፣ እንደ ማሸት ያሉ በእጅ የሚሰጡ ሕክምናዎችና ሐሳብና ልማድን የሚያስተካክል የምክር ሕክምና ይገኙበታል። በተቃራኒው የወገብ ቀበቶን፣ ወገብ የሚስብ መሣሪያንና እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎችን እንደ መደበኛ ሕክምና አይመክርም። ይህ የመቀነትን ነገርም ይመለከታል፦ ከባድ ነገር ሲያነሡ ለአፍታ ጠበቅ ማድረጉ አይከፋም፤ ቀንና ሌሊት ታጥቆ መዋል ግን ሕክምና አይሆንም።

በእግር ይሂዱ። በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከወገብ ሕመም ካገገሙ በኋላ በባለሙያ እየተመከሩ ቀስ በቀስ በእግር መሄድን የለመዱት ሕመሙ ሳይመለስባቸው በአማካይ 208 ቀን ሲቆዩ፣ ያልለመዱት 112 ቀን እንደቆዩ አሳይቷል። ግቡ በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ መድረስ ነበር።

አጀማመሩ ላይ ይጠንቀቁ። ሕመሙ ሳይነሣብዎ 20 ደቂቃ መሄድ ከቻሉ በ15 ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምሩ። ደህና በዋሉበት ቀን «ዛሬስ ልጨርሰው» ብለው የሳምንቱን ልብስ አያጥቡ። በማግስቱ ተኝቶ መዋል የሚመጣው ከዚያ ነው። ትንሽ መቆርቆር ጉዳት አይደለም፤ በማግስቱ ወደነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ልክ ነው።

ፊዚዮቴራፒ ማግኘት ከቻሉ ባለሙያው ለእርስዎ የሚስማማውን እንቅስቃሴ እንዲያስተምርዎ ይጠይቁ። ሙቀት ብቻ ተቀብሎ መመለስ የሕክምናው ግማሽ ነው። ካልቻሉ በዚህ ይጀምሩ፦ ምንጣፍ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው መቀመጫዎን ቀስ ብለው ያንሡ፣ 5 ሰከንድ ያቆዩት፣ ያውርዱ፤ 10 ጊዜ ይድገሙት።

የቤቱንና የሥራውን አሠራር ይለውጡ። ምጣዱ መሬት ላይ ከሆነ ሳይጎነበሱ የሚደርሱበት ከፍታ ላይ ያስቀምጡት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ከማንጠልጠል በሁለት እጅ ባለ 5 ባለ 5 ይያዙ። ሹፌር ከሆኑ በየሰዓቱ ወርደው ሁለት ደቂቃ ይራመዱ። በቅዳሴ በመቋሚያ መደገፍ፣ ሲብስም መቀመጥ ነውር የለውም። ስግደት ሲከብድ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ሙስሊም ከሆኑም በወንበር ላይ ሆነው መስገድ ለታመመ የተፈቀደ ነው።

እንቅልፍንም ችላ አይበሉት፤ ሳይተኙ ያደሩ ነርቮች በማግስቱ ሕመምን ያጎላሉ። የቡና ኃይል ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ ስለሚቆይ የማታውን ጀበና ወደ ጠዋት ያዙሩት። ጫትም እንቅልፍ ይሰርቃል።

ደረጃ 5፦ ማስታገሻውን በልኩ ይጠቀሙ

ማስታገሻ እንቅስቃሴዎን እንዲጀምሩ መንገድ ይጠርጋል። ብቻውን ግን ወገብ አያድንም።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን። ሕመሙ ሲነሣ ለአጭር ጊዜ ይረዳሉ። የዳይክሎፌናክ የቀን ጣሪያ 150 ሚሊግራም ነው፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም። ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ሄሊኮባክተር የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ሰው ላይ አደጋው ይበረታል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰዎ ክኒኑን አቁመው ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ። የደም ግፊት ይጨምራሉ፤ እንደ ኢናላፕሪል ካለ የግፊት መድኃኒትና ሽንት ከሚያሸና ክኒን ጋር ሲደረቡ ኩላሊትን በድንገት ሊጎዱ ይችላሉ። ከ20 ሳምንት በላይ የሆናት ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰዳቸው።

የጾም ወቅትን እዚህ ላይ ያስቡ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ወይም በረመዳን ውኃ ሳይጠጣ የሚውል ሰው ዳይክሎፌናክን በባዶ ሆድ ሲውጥ ጨጓራውንም ኩላሊቱንም ለጉዳት ያጋልጣል። መድኃኒቱን ከማፍጠሪያው ምግብ በኋላ ያድርጉት፤ በቀን ሁለት ሦስቴ መውሰድ ግድ ከሆነ የሃይማኖት አባትዎን ያነጋግሩ።

መርፌ። «ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚለው እምነት ብዙ ያስከፍላል። የዳይክሎፌናክ መርፌም ወደ ደም ስለሚገባ ጨጓራን እንደ ክኒኑ ሊያቆስል ይችላል። ከዚያም በላይ መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የቫይታሚን ቢ መርፌ የሚጠቅመው ቫይታሚኑ ለጎደለው ነው፤ ለምሳሌ ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰደ የስኳር ታማሚ ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ይመርመር።

ፓራሲታሞል። ለጨጓራ ይቀላል፤ ለከረመ የወገብ ሕመም ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። ጤነኛ አዋቂ በቀን ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም። አረቄ የሚያዘወትር ወይም ጉበቱን የታመመ ሰው ከዚያም እንዲያንስለት ሐኪሙን ይጠይቅ። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ፓራሲታሞል ስላለ ሳያውቁ እንዳይደርቡ።

የነርቭ ሕመም መድኃኒቶች። አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ፕሬጋባሊን ለሚያቃጥልና ለሚነዝር የነርቭ ሕመም ይታዘዛሉ። «የአእምሮ መድኃኒት ሰጡኝ» ብለው አሚትሪፕቲሊኑን እንዳይጥሉት። በዝቅተኛ መጠን ማታ ሲወሰድ የሕመምን መልእክት ያለዝባል። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ውጤቱም ሳምንታት ይፈልጋል። ነርቭ ላልተነካበት የወገብ ሕመም ግን የእነዚህ መድኃኒቶች ጥቅም ትንሽ ነው።

ትራማዶል። ከዘመድ ተቀብለው አይዋጡት። ሱስ ያስይዛል፣ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል፣ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደረብ ይህ አደጋ ይጨምራል።

ደረጃ 6፦ የባህሉንም በዚያው ሚዛን

ማሸት። ወጌሻውም ሆነ የማሳጅ ባለሙያው በቅቤ ወይም በዘይት ለስለስ አድርጎ ማሸቱ ጡንቻን ያፍታታል፤ ለአጭር ጊዜም ይጠቅማል። የሚከለከለው ሌላ ነው፦ አንገትን በድንገት መጠምዘዝ፣ ጀርባ ላይ መቆም፣ አጥንቱ የሳሳ አዛውንትን ወይም በደረጃ 1 ያሉት ምልክቶች ያሉበትን ሰው መንካት። ለስብራት የሚደረግ የቀርከሃ እሥር ሲጠብቅ ደም ቆሞ እጅና እግር እስከ መቆረጥ ደርሷል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ እሥሩን ወዲያው ፈትተው ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ፍል ውኃና ሙቀት። ከአዲስ አበባው ፍል ውኃ እስከ ሶደሬና ወንዶ ገነት ሰው የሚሄደው በከንቱ አይደለም፤ ሙቀት የተኮማተረን ጡንቻ ያላላል። በቤትም በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጎማ 15 ደቂቃ ይበቃል። የልብ ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳያማክሩ ፍል ውኃ ውስጥ አይዘፈቁ። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው የውኃውን ሙቀት በክርኑ ይሞክር፤ እግሩ እየተቃጠለ ላይሰማው ይችላል።

ወይባ። ከሙቀቱ ጋር ማረፉና መታጠኑ ያስደስታል። ይሁን እንጂ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ፍምና ጢስ ሰው ይገድላል። በርና መስኮት ይከፈት፤ አስም ያለባትና ነፍሰ ጡር ይቅርባት።

ዋግምት። ለከረመ የወገብ ሕመም ስለሚሰጠው ጥቅም ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። ቆዳው ሲበጣ ደግሞ የሄፓታይተስ ቢና የኤችአይቪ መተላለፊያ ይሆናል። መሞከርዎ ካልቀረ ሳይበጣ ይሁን። መብጣት አለበት ከተባለም ከእሽጉ በፊትዎ የሚወጣ አዲስ ምላጭና የተቀቀለ መሣሪያ ካልሆነ እምቢ ይበሉ።

አኩፓንክቸር። ንጹሕ መርፌ በሚጠቀም የሠለጠነ ባለሙያ እጅ ለአንዳንዱ ሰው መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል። በአሜሪካ ያሉ አዛውንት ወላጆች ይህን ይወቁ፦ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ከጥር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ፣ መሻሻል ከታየ ደግሞ 8 ተጨማሪ ጊዜ ይሸፍናል።

ዕፅ። በርበሬ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ያለበት ቅባት የሕመም ነርቮችን ያደነዝዛል፤ ቁስል ላይና ዓይን አጠገብ አይቀባ። ጤና አዳም በብዛት ከተወሰደ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትንና ዝንጅብልን እንደ መድኃኒት በብዛት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ከሁሉም በላይ ግን ስምና ይዘቱ ሳይጻፍበት የሚሸጥ ዱቄት ወይም ክኒን ያስጠርጥርዎ። በአንድ ቀን ተአምር ከሠራ፣ ምግብ ካስወደደዎና ፊትዎን ካሳበጠ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ተደብቆበት ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት ከወሰዱት በድንገት አያቁሙት፤ እሽጉን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ጸበል። እምነት ፍርሃትን ያስታግሳል፣ ብቸኝነትን ይሰብራል፤ ፍርሃትና ብቸኝነት የከረመ ሕመም ስንቅ ናቸውና። መድኃኒት አቋርጦ መሄድ ግን የእምነት ግዴታ አይደለም። በኤችአይቪ ዘመን ብዙዎች ክኒናቸውን ትተው ጸበል ሲገቡ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የሚቆዩበትን ቀን የሚያህል መድኃኒትና ከመሬት የሚያነሣዎ ፍራሽ ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 7፦ አንድ በአንድ፣ በቀነ ገደብ

በአንድ ሳምንት ፊዚዮቴራፒ፣ ዋግምትና አዲስ ክኒን የጀመረ ሰው ቢሻለው የትኛው እንደረዳው፣ ቢብሰው የትኛው እንደጎዳው አያውቅም። ከእንቅስቃሴው ጋር አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩ። ከመጀመርዎ በፊት ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ይጻፉ፦ ምን እንደጀመሩ፣ ስንት እንደሚያወጡ፣ መቼ እንደሚገመግሙት። ለማሸትና ለአኩፓንክቸር ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ለእንቅስቃሴ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይስጡ።

የከረመ ሕመም በራሱ ይወጣል ይወርዳል። ሰው ደግሞ መፍትሔ የሚሯሯጠው በጣም ሲብሰው ነው። ያኔ የተደረገ ማንኛውም ነገር፣ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ምስጋናውን ይወስዳል። ስለዚህ የአንድ ቀን እፎይታን ሳይሆን የሳምንታቱን ደብተር ይመኑ።

ደረጃ 8፦ ሁለቱን ወገን ያስተዋውቁ

ለሐኪሙ ስለ ዕፁና ስለ ዋግምቱ፣ ለወጌሻው ስለ ስኳርዎና ስለ ደም ማቅጠኛዎ ይንገሩ። «ይቆጡኛል» ብሎ መደበቅ ነው መድኃኒቶችን የሚያጋጨው። የሚወስዱትን ሁሉ ከነእሽጉ በፌስታል ይዘው ይቅረቡ። ሐኪሙ ፊት ጊዜው አጭር ስለሆነ ከደብተርዎ አራት ነገር ያንብቡ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ ወዴት ይወርዳል፣ ምን ሥራ ከለከለዎ፣ ምን ሞክረው ምን ሆነ። ቀዶ ሕክምና ከተባሉ «ባልታከም ምን ይሆናል? ከሌላ ሐኪም አስተያየት ልውሰድ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ደረጃ 9፦ ለክፉ ቀን ተዘጋጅተው ይጠብቁ

ጥሩ እየሄዱ ሳለ ሕመሙ አንድ ቀን ይነሣል። ያን ቀን የሚያደርጉትን ዛሬ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፦
• የደረጃ 1 ምልክቶች እንዳሉ ይፈትሹ፤ ካሉ ሐኪም ቤት።
• ከሌሉ ሙቀት ያድርጉ፤ የተፈቀደልዎን ማስታገሻ ከምግብ በኋላ ለጥቂት ቀናት ይውሰዱ።
• ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይተኙ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን በየሰዓቱ ይራመዱ።
• የእግር ጉዞውን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቋርጡ፤ በሳምንት ውስጥ ወደነበረበት ይመልሱት።
• በዚያ ሳምንት አዲስ ሕክምና አይጀምሩ፣ አዲስ ነገርም አይግዙ።

የቀነ ገደቡ ዕለት ደብተሩን ከቤተሰብዎ ጋር ይክፈቱ። እንጀራው፣ መንገዱ፣ ቅዳሴው ከጨመረልዎ ያንን ሕክምና ይዘው ይቀጥሉ፤ ከሆስፒታልም ከመንደርም ይምጣ። ካልጨመረልዎ አመስግነው ይሰናበቱትና ገንዘቡን ለሚቀጥለው ሙከራ ያኑሩ።